ዓይንን መለካት ኑሮን መለካት አይደለም

ለየነገሩ የራሱ መስፈሪያ አለው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ቡና በፈረሱላ ይመዘናል። ጤፉን በክንድ የሚለካ፣ ሸማውንም በቁና የሚሰፍር ነጋዴ ቢገኝ ገበያተኛው ሁሉ ይስቅበታል እንጂ ገንዘቡን አይሰጠውም። እንዲህ ያለው ሞኝነት በገበያ ሲታይ ያስቃል፤ በሕመምተኛ ላይ ሲደርስ ግን የሚስቅም የሚያፍርም አይገኝም። የሰውን ዓይን ለክቶ ኑሮውን ለካሁ የሚል ሰው ጤፍን በክንድ እንደሚለካው ነጋዴ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከዚህ ሰው ጋራ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ የሐኪሞች ነው፣ እኔን አይመለከተኝም ብለህ ገጹን አትለፈው። ነገ ሐኪም ወይም ነርስ፣ መምህር ወይም ጸሐፊ፣ የመንግሥትን ባጀት የምትመድብ ሹምም ትሆን ይሆናል። አንቺም እኅቴ እንዲሁ። ከነዚህ አንዱን ባትሆኑ እንኳ ዓይናቸው የደከመ አባት ወይም አያት በቤታችሁ አይጠፉም። ሰው ስለ ሕመሙ ሲናገር ቃሉን የምትጽፉት፣ ወይም ሰምታችሁ የምታልፉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ክርክሩ የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ ለመለኪያው የሚገባውን ክብር ልስጥ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1862 ሄርማን ስኔለን የሚባል የሆላንድ የዓይን ሐኪም ከላይ ትልልቅ ሆነው ወደ ታች እያነሱ የሚሄዱ ፊደሎች የተጻፉበትን ገበታ አወጣ። በሽተኛው በ6 ሜትር ርቀት ሆኖ ያነባል። ጤናማ ዓይን ያለው ሰው በ6 ሜትር የሚያነበውን መስመር እሱም በ6 ሜትር ካነበበ እይታው 6 በ6 ይባላል። ጤናማው በ60 ሜትር ለይቶ የሚያየውን እሱ እስከ 3 ሜትር ካልቀረበ የማይለየው ከሆነ ደግሞ 3 በ60 ይባላል፤ በተሻለው ዓይኑ ከዚህ በታች የሚያይ ሰው በዓለም የጤና ድርጅት አቆጣጠር ዓይነ ስውር ነው። ፊደል ላልተማረውም እንደ ሹካ ሦስት ጣት ያለው አንድ ምልክት ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየዞረ የተሣለበት ገበታ አለ፤ እሱም የምልክቱ ጣቶች የዞሩበትን በእጁ ያመለክታል።

ይህ ገበታ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በአዲስ አበባም በአምስተርዳምም ፍርዱ አንድ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ በሐኪሞች ግድግዳ ላይ መኖሩ የተገባው ነው። እኔ ገበታው ይውረድ የምል ሰው አይደለሁም። ጠቤ ከገበታው ጋራ ሳይሆን ገበታውን አንብቦ የሰውየውን ሕይወት አነበብሁ ከሚለው ጋራ ነው።

ነገሩ ባዶ ቃል እንዳይሆን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ሕመም ምሳሌ ላድርግ። ትራኮማ፣ ብዙው ሰው የዓይን ማዝ የሚለው፣ ለዓይን በማትታይ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ ነው። ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ውሃ በራቀበት፣ ፊት በማይታጠብበትና መጸዳጃ በሌለበት ይበረታል። ልጅ በተደጋጋሚ በተያዘ ቁጥር የዓይኑ ቆብ ውስጠኛው ገጽ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳውም እየተኮማተረ ከብዙ ዓመት በኋላ ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ያን ጊዜ ለዓይን አጥር የነበረው ሽፋሽፍት ተመልሶ ብሌኑን ይወጋል። ሰው ዓይኑን በደቂቃ አሥር ጊዜ ብቻ ያርገበግባል ብንል እንኳ፣ ነቅቶ በሚውልበት በአሥራ አራት ሰዓት 8,400 ጊዜ ይሆናል። ይህ ሰው በቀን ስምንት ሺህ ከአራት መቶ ጊዜ በገዛ ጠጕሩ ይወጋል ማለት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች አንዲት ሴት በገበታው ፊት ትቁም። ሴት ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ ሕፃናትን የሚያቅፉና ፊታቸውን የሚጠርጉ ይልቁንም ሴቶች ናቸውና ይህ ሕመም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ይበዛል። ብሌኗ ገና አልነጣም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ ዓይኗን እንደ ምንም ከፍታ፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ታሳያለች። መዝጋቢውም «6 በ9» ብሎ ይጽፋል። በመዝገቡ መሠረት ደኅና የምታይ ሴት ናት።

ነገር ግን ይህች ደኅና የምታይ ሴት ምድጃ አጠገብ መቀመጥ አትችልም፤ ጢሱ ያቃጥላታል። ቀትር ላይ ከቤት አትወጣም፤ ፀሐዩ ይወጋታል። ነፋስና አቧራ ካለበት ገበያ አትውልም። ሌሊቱም እንቅልፍ የለበትም። በመቀነቷ ጫፍ ወረንጦ ቋጥራ ትዞራለች፤ ልጇ ወይም ጎረቤቷ ሽፋሽፍቷን ይነቅሉላታል፤ የተነቀለውም አጭርና ሹል ሆኖ ይበቅልና እንደገና ይወጋታል። በሠርግና በለቅሶ ቤት፣ ዓይኔ ይፈስሳልና ሰው ይጸየፈኛል ብላ ከጥግ ትቀመጣለች። ይህ ሁሉ ኑሮ በ«6 በ9» ውስጥ ከወዴት ተጽፏል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላል ያገራችን ሰው። ገበታው ግን የተወጋውን አይጠይቅም።

አንድ ሌላም የቆየ አነጋገር አለን፤ ዕውር ምን ትሻለህ ቢሉት ብርሃን አለ እንላለን። መልሱ የታወቀ ስለሆነ ጥያቄው ከንቱ ነው ለማለት ነው የምንናገረው። እኔ ግን በዚህ አነጋገር ላይ አቤቱታ አለኝ። ሽፋሽፍቷ የሚወጋትን ሴት ምን ይሻልሻል ብላችሁ ብትጠይቋት መልሷ ብርሃን አይደለም፤ ጥላ ነው። ብርሃን ያሳምማታልና ከብርሃን ትሸሻለች። እንግዲህ መልሱን አስቀድመን አውቀናል ብለን ሳንጠይቃት ብንቀር፣ የሰጠናት የምትሸሸውን ነው። ጥያቄ ከንቱ የሚሆነው መልሱ የታወቀ ሲሆን ነው፤ መልሱ ታውቋል የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያልጠየቀው ሰው ነው።

ይህን የምለው ከልቤ አመንጭቼ አይደለም። በኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መሪነት በአማራ ክልል ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ 1,000 ሰዎችና ይህ ሕመም የሌለባቸው 200 ሰዎች ስለ ኑሯቸው ተጠየቁ። የታመሙት ሰዎች ኑሮ ከጤነኞቹ ይልቅ የጎደለ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። የሚያስደንቀው ግን በገበታው ላይ ጤናማ እይታ ያላቸው ሕመምተኞች እንኳ ኑሯቸው ተጎድቶ መገኘቱ ነው። ከዚያም የዓይን ቆባቸው በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለላቸው በኋላ፣ ዓመት ቆይቶ እንደገና ሲጠየቁ፣ ኑሯቸው በብዙ ተሻሽሎ ተገኘ፤ እይታቸው ምንም ያልጨመረው ሰዎች ሳይቀሩ። ገበታው ከሕክምናው በፊትና በኋላ ያው ቁጥር ነበረ። ሴትዮዋ ግን ያችው ሴት አልነበረችም። ገበታውን ብቻ የሚያምን ሰው እንግዲህ ይህ ሕክምና ምንም አልጠቀመም ብሎ ይፍረድ! የሚደፍር ካለ በሴትዮዋ ፊት ቆሞ ይፍረድ።

ነገሩ የትራኮማ ብቻ አይደለም። በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከመቶው ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ደግሞ እይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዓይነ ስውሩም ግማሽ ያህሉን የጋረደው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ቀስ ብሎ የሚመጣ መጋረጃ ነው። አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ አንዱ ሸማኔ ነው፣ ሁለተኛው በሬ ነጂ ነው። ሁለቱም በገበታው ላይ አንድ መስመር ላይ ቆሙ። ሸማኔው ድሩን ከማጉ መለየት አቅቶት እንጀራው ተቋርጧል፤ በሬ ነጂው ግን ገና እርሻውን ያርሳል። በመዝገብ እኩል ናቸው፤ በቤታቸው ግን አንደኛው ቤት ረኀብ ገብቷል። ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ገና ነው፤ ሞራው ሲበስል ተመለስ» ቢለው፣ ሸማኔው እስኪመለስ ድረስ ምን ይብላ?

ግላኮማን ደግሞ ተመልከቱ። ይህ በሽታ በአብዛኛው እይታን የሚበላው ከዳር ነው፤ መካከሉን እስከ መጨረሻ ይተወዋል። ስለዚህ በሽተኛው ፊት ለፊቱ ያለውን ትንሽ ፊደል አጥርቶ እያነበበ፣ በጎኑ የሚመጣውን መኪና ግን ሳያይ ይቀራል። ገበታው «ደኅና ነህ» ብሎ ይሸኘዋል፤ መንገዱ ግን ደኅና አይለውም። ደረጃ ላይ ይሰናከላል፤ በጎኑ የቆመ ሽማግሌ ሰላም ሲለው አያየውምና ሳይመልስ ያልፋል፤ ሰውም ኰራ ብሎ ያማዋል። መታማቱስ በየትኛው መስመር ይለካል?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃዋሚዬ ተነሥቶ እንዲህ ይለኛል፤ «ሐኪም ዓይን ያክማል እንጂ ኑሮ አያክምም። ኑሮ ሰፊ ነው፤ ድኅነትም፣ ባልም፣ ልጅም፣ ዝናብም አለበት። ቁጥር ግን እርግጥ ነው፤ የሰው ስሜት ነፋስ ነው።» ይህ ተቃዋሚ ከባድ ሰው ነውና በንቀት አላልፈውም። ኑሮ ሰፊ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሐኪሙ ዓይንን የሚያክመው ለምንድር ነው? ዓይን ለብቻው ተቀምጦ የሚያጌጥበት ዕቃ ነውን? ሰው እንዲሠራበት፣ እንዲሄድበት፣ የልጁን ፊት እንዲያይበት አይደለምን? ታዲያ መድረሻው ኑሮ ከሆነ፣ መድረሱን የሚያውቀው ኑሮን ጠይቆ ነው። መንገዱን ለክቶ መድረሻውን ሳያይ የተመለሰ መንገደኛ ደረስሁ አይበል። ስሜት ነፋስ ነው ላለውም፣ ሕመም ራሱ የሚታወቀው በሕመምተኛው ቃል አይደለምን? ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ «ምን ያምሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ነፋስ ነው ብሎ የተወ ሐኪም የለም።

የዓለም የጤና ድርጅት ራሱ በ1948 ሥራውን ሲጀምር ጤና ማለት ከበሽታ መዳን ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ደኅንነት ነው ብሎ ደንግጓል። በ1990ዎቹም ይኸው ድርጅት የኑሮ ጥራት የሚባለውን ሲተረጕም፣ ሰው በሚኖርበት ባህልና በሚመኘው ነገር አንጻር ስለ ገዛ ኑሮው ያለው ግምት ነው ብሏል። ልብ በሉ፤ የሐኪሙ ግምት አላለም፤ የባለቤቱ ግምት ነው ያለው።

እንግዲህ መጠየቅ ይገባል ብለን ተስማማን እንበል። ሁለተኛው ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እሱም ክፉኛ መጠየቅ ነው። በ2001 በአሜሪካ አገር በብሔራዊው የዓይን ተቋም ስም የሚጠራ 25 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ታተመ። መልሶቹ ከ0 እስከ 100 ይቆጠራሉ። መልካም ሥራ ነው፤ ስለ ዓይን ሥቃይም፣ ስለ ጭንቀትም፣ ሌላውን ሰው ስለ መጠበቅም ይጠይቃል። ነገር ግን ጋዜጣ ስለ ማንበብ፣ መኪና ስለ መንዳት፣ ሲኒማና ቴአትር ለማየት ስለ መውጣትም ይጠይቃል። ይህ ለሠሩት ሰዎች ኑሮ ትክክል ነው። ይህን መጠይቅ ቃል በቃል አስተርጕሞ ወደ ገጠራችን የሚወስድ ሰው ግን ምን ይለካል? መኪና ነድታ የማታውቅ፣ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት «አይመለከተኝም» ትላለች። ከ25ቱ ጥያቄ ብዙው እንዲህ ካለፈ፣ የቀረው የማን ኑሮ ነው?

የእኛ እናቶች ኑሮ ሌላ ጥያቄ አለው። ከምስሩ ውስጥ ጠጠሩን ይለዩታል? መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ? የመቶ ብርን ከሁለት መቶው ይለያሉ፣ ወይስ ነጋዴው ያታልላቸዋል? በጨለማ ወደ ጓሮ ሲወጡ ሰው መያዝ ያሻቸዋል? ወንዝ ሲሻገሩ ድንጋዩን ያያሉ? ከሩቅ ሰላም የሚላቸውን ሰው ሳይቀርብ ያውቁታል? እንጀራ ሲጋግሩ ጢሱን ይችላሉ? ይህን የመሰለ ጥያቄ ማውጣት የሚያስቸግር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በደኻ አገሮች ዘንድ እንዲያገለግል 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅቷል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የአማራ ክልል ጥናትም የተደረገው በዚያ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው «ሌላ አልነበረም» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም።

በቃል ብንጠይቅም እንኳ አንድ የገዛ አገራችን ወጥመድ አለ። በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ፤ የጣቢያውን ስም አላነሣም። አንድ መዝጋቢ ወጣት አንዲትን ባልቴት «እማማ፣ የኑሮዎን ጥራት እንዴት ያዩታል?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «ተመስገን ልጄ፤ ዛሬንም ያደረሰን ይመስገን» አሉት። ወጣቱም አመስግኖ «በጣም ጥሩ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሴትዮዋ እንባቸውን እየጠረጉ ወጡ። ወረቀቱ ግን በጣም ጥሩ ኑሮ ያላቸውን ሴት ይዞ ወደ ከተማ ሄደ።

ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ከእናንተ በቀር የሚያስተካክለው የለም። ፈረንጅ «ተመስገን» የሚለውን ቃል ቢተረጐምለት ጥሩ ነኝ ማለት ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ተመስገን የሰው መልስ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁ የሞተበትም ሰው ሲጠየቅ አስቀድሞ ተመስገን ይላል። ይህ ትሕትና ነው፣ እምነትም ነው፣ የጠያቂውን ልብ ላለማስጨነቅም የሚደረግ ጨዋነት ነው። ጨዋነታቸውን ወስዶ ሕመም የላቸውም ብሎ የሚጽፍባቸው ሰው ግን ጨዋነታቸውን ዘረፋቸው። የሀበሻን እናት የሚጠይቅ ሰው ከተመስገኑ በኋላ መቀመጫ ስቦ ሊቀመጥ ይገባዋል። ያን ጊዜ «ትናንት ምን ሲሠሩ ዋሉ? ቡናውን ማን ቈላ? ገበያ ማን ወረደ? ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰደዎት?» ይበል። እውነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚዬ ከሁሉ የሚከፋው ነው። ድምፁ የለሰለሰ ነውና ብዙ ሰው ይከተለዋል። «ደኻ ለምዶታል፤ ከልጅነቱ ያየውን ሕመም እንደ ሕመም አይቈጥረውም፤ ባታስታውሱት ይሻለዋል» ይላል። ሰው ችግርን መልመዱ እውነት ነው። ዓይነ ስውሩ በበትሩ መንገዱን ያውቃል፤ በድምፅ ሰው ይለያል፤ ኑሮውንም ያቀናል። ግን ይህ የእሱ ብርታት ነው እንጂ የእኛ ደረሰኝ አይደለም። ሰው ሸክሙን መሸከም ስለ ቻለ ሸክሙ ቀላል ነበረ አይባልም። አህያ እንኳ ተሸክማ ስለ ሄደች ጭነቱ አልከበዳትም የሚል ባለአህያ ክፉ ባለአህያ ነው።

ይህ ክርክር የተራ ሰው ወሬ ብቻ አይምሰላችሁ፤ በታላላቆች ስሌትም ውስጥ አለ። በ1990ዎቹ የዓለምን በሽታዎች በአንድ ሚዛን ለመመዘን የተነሡ ሊቃውንት ለየሕመሙ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ ክብደት ሰጡ፤ 0 ሙሉ ጤና ነው፣ 1 ሞት ነው። የጤና ዐዋቂዎች ተሰብስበው ዓይነ ስውርነትን 0.6 ያህል ይመዝናል አሉ። በ2012 በታተመው አዲስ ስሌት ግን ያው ዓይነ ስውርነት 0.195 ሆነ። በዚህ መካከል የዓይነ ስውሩ ጨለማ በሁለት እጅ ቀለለለትን? አልቀለለም። የተለወጠው ጥያቄውና ተጠያቂው ነው። በኋለኛው ጊዜ በባንግላዴሽ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩ፣ በታንዛንያና በአሜሪካ ያሉ ተራ ሰዎች፣ ሌሎችም በኢንተርኔት፣ የሁለት ሕመምተኞች አጭር መግለጫ እየተነበበላቸው ወይም እያነበቡ «ከሁለቱ ይልቅ ጤነኛ የሆነው ማን ነው?» ተባሉ። በመጀመሪያውም በኋለኛውም ጊዜ ዓይነ ስውራን ስለ ገዛ ኑሯቸው ምስክር ይሆኑ ዘንድ ተለይተው አልተጠሩም።

ሊቃውንቱ ለዚህ መልስ አላቸው፤ «እኛ የመዘንነው የጤናን ጉድለት እንጂ የኑሮን ደኅንነት አይደለም» ይላሉ። መልሱ ሐቀኛ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ ከመጽሐፋቸው ወጥቶ በባጀት መዳቢው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይህ ማብራሪያ አብሮት አይመጣም። ሹሙ የሚያየው የቀለለ ቁጥር ነው፤ በቀለለውም ቁጥር ልክ ገንዘቡ ይቀልላል። ስለዚህ ቁጥርን የሚያወጣ ሰው ቁጥሩ ምን እንዳልለካ አብሮ ሊጽፍ፣ ቁጥርን የሚያነብም ሰው ያልተለካውን ሊጠይቅ ግዴታው ነው።

እዚህ ላይ ቃሌ በስሕተት እንዳይተረጐም አንድ ነገር ልለይ። የዓይን ሕመም በኑሮ ላይ የሚያመጣውን ጉድለት መለካት አንድ ነገር ነው፤ የሰውየውን ዋጋ መለካት ሌላ ነው። በአገራችን በቃል ተምረው በቃል ያስተማሩ፣ ዓይናማው ሁሉ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ቅኔና ዜማ የተማረላቸው ዓይነ ስውራን መምህራን ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ዓይነ ስውራን ጠበቆችና የትምህርት ቤት መምህራንም አሉን። የእነዚህ ሕይወት ጥራት የለውም የሚል ሰው ዓይኑ ይይ እንጂ ልቡ አያይም። የኑሮ ጥያቄ የሚጠየቀው «ይህ ሰው ምን ያህል ይረባል?» ለማለት አይደለም። «ምን ይከለክለዋል? ከሚከለክለውስ የትኛውን ልናነሣለት እንችላለን?» ለማለት ነው። ከሚከለክለው ነገር አንዱ በዓይኑ ውስጥ ነው፤ ሌላው ግን በእኛ መንገድ ላይ ክዳኑን ያጣ የውሃ ጕድጓድ ነው፣ በእኛ አፍ ውስጥ ያለ ስድብም ነው። ኢትዮጵያ በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አጽድቃለች። ያ ስምምነት በወረቀት ላይ ያለ ብቻ እንዳይሆን ጕድጓዱን መክደን ከገበታው ፊደል የበለጠ ኑሮን ያሻሽል ይሆናል። ይህንም የሚነግረን ዓይነ ስውሩ ነው፤ ከጠየቅነው።

ቁጥርን የማምለክ ሌላም ልማድ አለን። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና በሠለጠኑ ነርሶች በገጠር ጤና ጣቢያ ሊደረግ የሚችል አጭር ሕክምና ነው፤ የብዙ ሰው ሥቃይ አቅልሏልና አከብረዋለሁ። ሆኖም በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሰው ታከመ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ጭብጨባም ይሆናል። በሽታው ግን ከሕክምና በኋላ በአንዳንዱ ሰው ላይ እንደሚመለስ ሐኪሞች ሁሉ ያውቃሉ። በመዝገብ ታክማ የተቈጠረችው ሴት ሽፋሽፍቷ እንደገና መውጋት ጀምሮ፣ ወረንጦዋን ከመቀነቷ አውጥታ ይሆናል። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ተመልሶ «እንዴት ነዎት?» የሚል ሰው ካልላክን፣ የቈጠርነው የእኛን ሥራ ነው እንጂ የእሷን ጤና አይደለም።

እንግዲህ እናንተ ወጣቶች ምን ታደርጉ? የመጠይቅ ወረቀት በእጃችሁ ሲገባ፣ ጥያቄው በአማርኛ ወይም በሌላው ያገራችን ቋንቋ በእውነት የሚጠየቅ ጥያቄ መሆኑን መርምሩ፤ ካልሆነ ለላካችሁ ሰው ሳትፈሩ ንገሩ። ባለቤቷን ጠይቁ እንጂ ልጇን ወይም ባሏን ስለ እሷ አትጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ በአጠገቧ የቆመው ሰው ይመልስላታልና። ቃሏን እንደ ተናገረችው ጻፉ፤ እናንተ የምታውቁት የተሻለ ቃል ቢኖርም አትለውጡት። በመጨረሻም ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፤ ልትረዱ ሳትፈልጉ አትጠይቁ። የሕመምተኛን ቃል ወስዶ፣ ጽፎ፣ አሳትሞ፣ መዓርግም ተቀብሎበት ወደዚያች ሴት ያልተመለሰ ሰው ባለዕዳ ነው። ቃሏን ያበደረችው በነፃ አይደለም፤ በተስፋ ነው።

ለመቁጠር የተማረ ሰው በአገራችን በዝቷል፤ ይህም ደግ ነው። ለመጠየቅና መልስ እስኪያገኝ ለመቀመጥ የተማረ ሰው ግን ገና ጥቂት ነው። ገበታው በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ ያያል። ኑሮ ግን ከዚያ ርቀት አይታይም፤ ለማየት ቀርቦ መቀመጥ ያሻል። ስለዚህ ስድስቱን ሜትር አልፋችሁ ቅረቡ።